ማስኩ ለምን አገጭ ላይ ቀረ? ሰውን ማስክ ስናስለምድ የሠራናቸው ስህተቶች

"ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ!"

በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 እና በ2013፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን የረዳት ጩኸት አይረሳውም። ሁሉም እጅ ባንዴ ወደ አገጭ ይሄዳል። ማስኩ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ትራፊኩ ከታለፈ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ረዳቱማ "ማስክ" ብሎ ለመጮህ መጀመሪያ የራሱን ዝቅ ማድረግ ነበረበት።

ያን ጊዜ የሰፈራችን እድር ባቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሥራችን ሰዉ ማስክ እንዲያደርግ መቀስቀስ ነው። ለፋን። ብዙውን ግን አበላሸነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚገባ ካለ፣ የኛን ስህተት ባይደግም ደስ ይለኛል።

"ሰዉ ስላላወቀ ነው" ብሎ መነሳት

ይሄ ትልቁ ስህተታችን ነው። ድምፅ ማጉያ ይዘን በየመንደሩ ዞርን። ኮሮና እንዴት እንደሚተላለፍ አስረዳን። ሰዉ ግን ያውቀዋል! የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ሌላ ወሬ አልነበረውም። ስልክ ስትደውሉ እንኳ ምክሩ ይቀድማችሁ ነበር።

አንድ ቀን ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ዝም ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ" አሉኝ። "ማስኩን ይዘህ ከሆነ የመጣኸው ስጠኝና ላድርግ።" አልያዝኩም ነበር። የያዝኩት በራሪ ወረቀት ነው።

በኋላ ባንግላዴሽ ውስጥ ስለተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት ሳነብ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ። ጥናቱ የተካሄደው 600 መንደሮችን ይዞ ነው፤ ከ300 ሺህ በላይ አዋቂዎች ነበሩበት። ግማሾቹ መንደሮች እንደወትሮው ተተዉ። በቀሩት ማስክ በነፃ ቤት ለቤት ታደለ። ስለ ጥቅሙ ተነገረ። ኢማሞች በጁምዓ ስለ ማስክ ሰበኩ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ገበያና መስጊድ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ማስክ ያላደረገ ሲያልፍ ያስቆሙታል፣ በትህትና ያስታውሱታል፣ ከሌለው እዚያው ይሰጡታል። ምንም ባልተደረገባቸው መንደሮች ከመቶው 13ቱ ብቻ በትክክል ሲያደርጉ፣ በነዚህ 42 ደረሱ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ያልሠራው ነገር ነው። "ራስህን ጠብቅ" ቢባልም "ለሌላው አስብ" ቢባልም ልዩነት አላመጣም። በስልክ የሚላክ ማስታወሻም እንደዚያው። እኛ እኮ ሁለት ስብሰባ ሙሉ የተከራከርነው መፈክሩ የቱ ይሁን በሚለው ላይ ነበር።

ዋጋውንና ምቾቱን መርሳት

ስድስት ቤተሰብ ያለው ሰው ለአንድ ቀን የተሠራ ማስክ በየቀኑ ለስድስት ሰው ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ አንዱን ሳምንት ያደርገዋል። አንዳንዱ አጥቦ ገመድ ላይ ያሰጣዋል። ይሄ ሰው ቸልተኛ አይደለም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ነው። መነጽር የሚያደርግ ደግሞ እንፋሎቱ ዓይኑን ይጋርደዋል። ሸክም የሚሸከም ይታፈናል። ማስክ እንዲያደርግ የምትፈልጉት ሰው ቀኑን ምን ሲሠራ እንደሚውል ሳታዩ ምክር አትጀምሩ።

ሥራውን ለፖሊስ መተው

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን 2012 ነው። አምስት ወር ቆየ። አዋጁ ካበቃ በኋላም በጥቅምት 2013 መመሪያውን የጣሰ እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ተነገረ። ሕግ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ብቻውን ሲሆን ግን ሰዉ የሚማረው ቫይረሱን መጠንቀቅ ሳይሆን ደንብ አስከባሪ ማየት ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥበቃው ያለ ማስክ አያስገባም። ጎበዝ ሰው ነው፤ ሥራውን አክብሮ ይሠራል። አንድ ሰውዬ ከውስጥ ጉዳዩን ጨርሶ ወጣ። ውጪ የቆመ ጎልማሳ "ወንድሜ፣ አንዴ ታውሰኛለህ?" አለው። አወለቀና ሰጠው። ያም አጥልቆት ገባ። ጥበቃው አየ፣ ምንም አላለም። ምን ይበል? መመሪያው የሚለው ማስክ ያድርግ ነው፣ የራሱን ያድርግ አይልም። በዚያች ማስክ እኔ በቆምኩባት ሰዓት ሦስት ሰው ገብቶባታል። ከነጭራሹ ባያደርጉት ይሻል ነበር።

ማስክ በሰው መሃል ምን እንደሚናገር አለማሰብ

ጃፓን ውስጥ ወረርሽኙ እንደጀመረ በተሠራ ጥናት፣ ሰዎች ማስክ የሚያደርጉበት ዋነኛው ምክንያት በሽታውን መፍራት ሆኖ አልተገኘም። ሌሎች ሲያደርጉ ስለሚያዩ ነው። የኛም ነገር ያው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ የሚታየው ተቃራኒው መሆኑ ብቻ።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ማስኬን እንዳጠለቅሁ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ካለነው ማስክ ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እማማ ትንሽ ዝም አሉና ጠጋ ብለው "ምነው ልጄ፣ እዚህ ቤት በሽታ አለ ብለውህ ነው?" አሉኝ። በንዴት አልነበረም። ከልባቸው አዝነው ነው። እኔም፣ የኮሚቴ አባሉ፣ አውርጄ ኪሴ ከተትኩት።

እሳቸው ቫይረስ አለ የለም የሚለው ላይ ከኔ ጋር ክርክር የላቸውም። የታያቸው ሌላ ነው፤ ማስኩ "እናንተን ተጸይፌያለሁ" ሲል ሰሙት። ወዳጅ ቤት ሰው የማያደርገው ለዚህ ነበር። ታክሲ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ያደርግ ነበር፣ አማቹ ቤት ያወልቅ ነበር። በሽታው ይበልጥ የሚተላለፈው ደግሞ ዘና ብለን ረጅም ሰዓት በምንቀመጥበት ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳካልን ነገር አለ፤ አቅደን ያመጣነው ግን አይደለም። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ስኳር ስላለባቸው ፈርተው በየለቅሶው ማስክ ማድረግ ጀመሩ። እሳቸውን ማን "ተጸየፍከን" ይላቸዋል? ከዚያ በኋላ ማስክ ማድረግ ቀለለን። ሴቶቹም አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጣል ማድረግ ጀመሩ። ነጠላ የማስክን ያህል አይከላከልም፣ ግን ማንንም አያስቀይምም። ከምንም ይሻላል ብለን ተቀበልነው።

የሚሰብከው ሰው ራሱ ሳያደርግ መቅረቡ

በ1911 እንደ ፈረንጆቹ፣ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሃርቢን ከተማ ሳንባን የሚያጠቃ ቸነፈር (ፕላግ) ገብቶ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ዉ ሊየን-ተህ በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ከቁስል ማሰሪያ ስስ ጨርቅ (ጎዝ) የተሠራ ማስክ አድርጉ ይላል። ሜስኒ የሚባል የታወቀ ፈረንሳዊ ሐኪም ግን አልተቀበለውም። ያለ ማስክ ሕመምተኞችን አየ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ማስክ በከተማው ተስፋፋ።

ሰው የሚያየው ትልቁን ሰው ነው። እኛ ዘንድ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ማስኩን አውልቆ ስለ ማስክ ሲናገር በቴሌቪዥን አይተናል። ለንግግር ነው ያወለቀው፣ ይገባናል። ሰዉ ግን ያስታወሰው ንግግሩን ሳይሆን የተገለጠውን ፊት ነው።

ምክር ሲቀየር ምክንያቱን አለመናገር

መጀመሪያ ላይ የተባለው ማስክ ለታመመና ለጤና ባለሙያ ነው። የአሜሪካ ዋና የጤና ሹም በየካቲት 2012 ሰዉ ማስክ መግዛት እንዲያቆም በአደባባይ ጠየቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ በሚዛመትበትና ርቀት መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ ጤነኛውም ቢያደርግ ብሎ ምክሩን ያሻሻለው ግንቦት 28 ቀን 2012 ነው። ለለውጡ ምክንያት ነበረው። የሐኪሞች ማስክ እንዳያልቅ ተፈርቶ ነበር፣ ምልክት የማያሳይ ሰው ማስተላለፉም ቀስ በቀስ ነው ግልጽ የሆነው። ይህን ግን ለሰፈራችን ሰው አልነገርነውም። "ትናንት አያስፈልግም፣ ዛሬ ካላደረግህ ትታሰራለህ" የሚለውን ብቻ ሰማ። ሳቀብን።

ጠይቆ ማመን

ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ሰዎች በስልክ ተጠየቁ። አደባባይ ላይ ማስክ አላደርግም ያለው 12 በመቶ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ወጥተው በዓይናቸው ሲቆጥሩ 90 በመቶው ማስክ አልታየበትም።

እኛም ቤት ለቤት ጠይቀን ነበር። ሁሉም "አደርጋለሁ" አለን፤ የአንዳንዱ ማስክ ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ እያየነው። መንገድ ዳር ግማሽ ሰዓት ቆሞ መቁጠር ይቻል ነበር። ማንም አላሰበውም። ሪፖርቱ ላይ "አብዛኛው ነዋሪ ማስክ ይጠቀማል" ተብሎ ተጻፈ። ሪፖርቱ በተነበበበት ስብሰባ ላይ ቆጠርኩ፤ ከአሥራ አንዳችን ማስክ ያደረግነው ሦስት ነበርን። የአንዱ አገጩ ላይ ነው።