የእንጨት ምድጃችሁን በር በአንድ ቁራጭ ወረቀት ፈትሹ

በቤታችሁ የብረት የእንጨት ምድጃ የምትጠቀሙ ሁሉ፣ ማገዶው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ካስቸገራችሁና የአየር ማስገቢያውን ብትዘጉትም እሳቱ አልበርድ ካለ፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት በበሩ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ ገመድ ተመልከቱ። ምድጃው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በበሩና በምድጃው አፍ መካከል ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ወረቀቱን ሳብ አድርጉት፤ ጠበቅ አድርጎ ከያዘው ማሸጊያው ደህና ነው፣ ሾልኮ ከወጣ ግን በዚያ በኩል አየር እየገባ ነው። አንዱ ጎን ደህና ሆኖ ሌላው ሊላላ ስለሚችል በአራቱም ጎን መሞከር ያስፈልጋል።

ገመዱን ለመቀየር አሮጌውን ነቅላችሁ ቦዩን በሽቦ ብሩሽ እስኪጠራ ፈግፍጉ፤ ከዚያም ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ቀብታችሁ ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል የሆነ አዲስ ገመድ አስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገመዱን እየጎተተ ያስገባዋል፤ የተወጠረ ገመድ ደግሞ ስለሚቀጥን በሚገባ አያሽግም። ስለዚህ ሳትወጥሩ፣ በጣታችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አስተኙት።

የጭስ ማውጫውን ቢያንስ በዓመት 1 ጊዜ አስጠርጉ፤ የምታነዱትም እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን፣ እርጥብ እንጨት በቱቦው ውስጥ ሬንጅ የመሰለና እሳት ሊይዝ የሚችል ጥቀርሻ ይጋግራልና። በአመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ስለሚችል፣ የምትዝቁትን አመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ አስቀምጡት።