ቡናው ሳይቀር የብረት ክኒኑ እንዲሠራ፦ ለጅማ ነፍሰ ጡር እናቶች

በጅማ ቡና ሳይፈላ የሚያልፍ ቀን እምብዛም የለም። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯን «ቡና ተዪ» ብሎ መሸኘት ብዙም እንደማይጠቅም በአዋላጅነት ሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እሺ ትልና ጎረቤት ሲጠራት አቦሉን ትጠጣለች፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትጠየቅ ደግሞ አፍራ ትደብቃለች። የሚጠቅማት ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ለደም ማነስ የሚሰጠው ክኒን ጥቅሙ የሚቀንሰው ባለመዋጡ ብቻ ሳይሆን ከቡና ጋር በመዋጡም ጭምር ነውና።

ሂርማታ አካባቢ ቤቷ ሄጄ የጠየቅኋት አንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ክኒኖቿን ከረከቦቱ ጎን፣ ከስኳር ዕቃው አጠገብ አስቀምጣ ነበር። እንዳትረሳ ብላ ከቡናው ጋር አያይዛዋለች። አንድም ቀን ሳታጓድል ብትውጥም በደሟ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠኗ ከፍ አላለም። ለማስታወስ የዘየደችው ዘዴ ብልህነት ያለበት ነበር፤ ቡናውና ክኒኑ አብረው እንደማይሄዱ ግን የነገራት ባለሙያ አልነበረም።

በእርግዝና ወቅት በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ጽንሱም ከእርሷ ስለሚወስድ፣ የብረት ፍላጎቷ በምግብ ብቻ ለመሸፈን ያስቸግራል። ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም በታች ሲወርድ የደም ማነስ ይባላል። በክትትል ወቅት የሚሰጠው፣ በተለምዶ «አይረን» የምንለው ክኒን ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። በቡናና በሻይ ውስጥ የሚገኙት ፖሊፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ግን ከብረቱ ከፊሉን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር እንዲወጣ ያደርጉታል።

ስለዚህ በክኒኑና በቡናው መካከል፣ ቡናው ቢቀድምም ቢከተልም፣ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ሻይ፣ ወተት፣ የካልሲየም ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻም እንዲሁ ይራቁ። በጅማ ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለሚፈላ ለብዙዎቹ እናቶች የሚመቸው ሰዓት ከመኝታ በፊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጀበናው ታጥቦ ተቀምጧል፣ ክኒኑ የሚያመጣው ማቅለሽለሽም በእንቅልፍ ያልፋል። ክኒኑን በውኃ ውጠው ብርቱካን ወይም ዘይቱን ቢበሉበት፣ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ቢጠጡበት፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል። ዘይቱን በየጓሮው እያለ ልጆች ብቻ ሲበሉት ማየቴ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ሰገራ መጥቆሩ የብረቱ ቀለም ስለሆነ አያስደንግጥዎት። ድርቀት ካስቸገረዎት ውኃ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ያብዙ፤ ካልተሻለዎት ክኒኑን በራስዎ ከማቋረጥ ይልቅ ለአዋላጇ ይንገሯት። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ሁለት አይዋጡ። ክኒኑን ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍታ ያስቀምጡ፤ ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ትንሽ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የቡናውን መጠን በተመለከተ ሐኪሞች በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳያልፍ ይመክራሉ። የስኒው ትልቅነትና የቡናው ውፍረት ከቤት ቤት ስለሚለያይ በሚሊ ግራም መቁጠር አይቻልም፤ እኔ የምመክረው በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ትንንሽ ስኒ እንዳያልፍ፣ ከምግብም እንዲርቅ ነው። ጫት ግን ሰዓት በመለወጥ የሚፈታ አይደለም። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የደም ሥርን ያጠባል፣ ከሕፃኑ የክብደት ማነስ ጋርም ተያይዟል፤ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መተው አለበት።

ክኒኑ በትክክል ተወስዶም ደሙ ካልጨመረ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። በቡና ማሳ በባዶ እግር የሚሠሩ ሰዎች ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በእግራቸው ቆዳ በኩል ሊገባባቸው ይችላል፤ ትሉ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። የትል መድኃኒት የሚሰጠው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ስለሆነ ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ገዝተው አይዋጡ። ወባም የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት በተለይ አጎበር ሥር መተኛትና ትኩሳት ሲሰማ በዚያው ቀን መመርመር ያስፈልጋል።

በየቀጠሮው መካከል ቤት ውስጥ ሊያዩት የሚችሉት ምልክትም አለ። በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን የዓይን ሽፋን በእጅዎ ዝቅ ያድርጉ፤ ውስጡ ቀላ ማለት ሲገባው የነጣ ከሆነ፣ ወይም አፈር የመብላት አምሮት ከያዘዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመርመሩ። ይህ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የደም ምርመራን አይተካም።

ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ ያለ ምክንያት በኃይል ከመታ፣ ደም ከፈሰሰዎት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቤትዎ ከጅማ ርቆ በገጠር ከሆነና መንገዱ በዝናብ የሚቆረጥ ከሆነ፣ የመውለጃዎ ጊዜ ሲቃረብ በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ወደዚያ ሲሄዱ የክትትል ካርድዎንና የቀሩትን የብረት ክኒኖች ይያዙ፤ ከወሊድ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት መውሰድ ስለሚኖርብዎት እስከ መቼ እንደሆነ ከመውጣትዎ በፊት አዋላጇን ይጠይቋት።