ደንና የጥላ ቡናን ካርታ ላይ እንዴት እንለይ?

መጀመሪያ የካርታ ሶፍትዌሩን አትክፈቱ። የምትለዩዋቸውን ዓይነቶች ጻፉ። ለጅማ ዙሪያ እነዚህ ይበቃሉ፦ የተፈጥሮ ደን፣ የጥላ ቡና፣ ረግረግ፣ ግጦሽ፣ እርሻ፣ ባህር ዛፍ፣ ከተማ። ባህር ዛፉን ከደኑ ጋር እንዳትጨፈልቁት፤ በደን ለሚኖረው ጉሬዛ ሁለቱ በፍጹም አንድ አይደሉም!

የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፣ አንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ክረምቱን ተዉት፣ ደመና ነው። አንድ ምስል ከጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ደግሞ ከጥር ውሰዱና ኪውጂአይኤስ (QGIS) በሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ደርቧቸው። እንደ ጅማው ቦዬ ያለ ረግረግ በጋ ላይ ዳር ዳሩ ሲደርቅ ግጦሽ ይመስላል፤ ሁለቱን ወቅት ስታወዳድሩ ግን ይለያል።

ከባዱ ቡናው ነው። ከላይ ሲታይ ጅማ ዞን በለጤ ጌራ ውስጥ ያለው ደንና ከጥላ ዛፍ ስር ያለው ቡና ያው አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ ጂፒኤስ ይዞ መግባት ግድ ነው። ስትገቡ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች እዩ። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ ሐረጉ ተቆርጦ፣ የትልልቆቹ ዛፎች ችግኝ ከጠፋና ቡና ብቻ ከቆመ፣ ያ የጥላ ቡና ነው። የጂፒኤስ ነጥቡን ከቦታው ጫፍ ራቅ ብላችሁ መሃል ላይ መዝግቡ፣ ጫፍ ላይ ያለ ፒክስል የተደባለቀ ነው።

ከነጥቦቹ ሲሶውን ለማረጋገጫ አስቀሩ፤ ሶፍትዌሩን ዓይነቶቹን እንዲለይ የምታሠለጥኑት በቀሩት ነው፣ እነዚህን አትንኳቸው። ውጤቱ ሲወጣም በጠቅላላ ትክክለኛነቱ አትደሰቱ። እርሻው ሰፊ ስለሆነ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ካርታው ያለውን ከማረጋገጫ ነጥቦቹ ጋር በሚያነጻጽረው ሰንጠረዥ ላይ የደንና የቡናን ረድፍ ለብቻ እዩ፤ እዚያ ከተምታታ፣ ተጨማሪ ነጥብ የሚያስፈልገው እዚያው ነው።