ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ኢንክሪመንታል ባክአፕ፦ ችግሩ ዲስኩ አልነበረም

ጎንደር ፒያሳ ያለ ቢሮ ሰርቨር ነው፤ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019። ማታ 3 ሰዓት የሚጀምረው ኢንክሪመንታል ባክአፕ፣ ማለትም ከባለፈው ወዲህ የተቀየረውን ብቻ የሚጽፈው መጠባበቂያ ቅጂ (ሰርቨሩ ላይ 9 ፒኤም ተብሎ የሚሞላው) ጠዋት 2 ሰዓት ሠራተኛ ሲገባም አያልቅም። በቀን የሚቀየረው ፋይል ግን ጥቂት ጊጋባይት ነው።

የዩኤስቢ ዲስኩና ገመዱ ተቀየሩ፣ አንቲቫይረሱም ጠፋ። ምንም ለውጥ የለም። የዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ «ኮንፊገር ፐርፎርማንስ ሴቲንግስ» ሲከፈት ምርጫው «ኖርማል» ነበር። ኖርማል የሚጽፈው የተቀየረውን ብቻ ቢሆንም ለማነጻጸር ድራይቩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ወደ «ፋስተር» ሲቀየር ሁለት ሌሊት ፈጠነ፤ በሦስተኛው ያው ሆነ።

ፍንጩ የተገኘው ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያ)፣ ሲስተም ሎግ ውስጥ ነው፦ ምንጩ ቮልስናፕ፣ የክስተት ቁጥር 36። ሻዶው ኮፒው («ፋስተር» የተቀየረውን ለመለየት የሚጠቀምበት የድራይቩ ቅጽበታዊ ቅጂ) የተፈቀደለት ቦታ ሞልቶ ተቋርጧል። እሱ ከሌለ ባክአፑ ምን እንደተቀየረ ማወቂያ ስለሌለው ሁሉንም እንደገና ያነባል።

ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ «ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ሻዶውስቶሬጅ» ሲባል የዲ ድራይቭ የሻዶው ኮፒ ቦታ ጣሪያ 2 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ«ሪሳይዝ ሻዶውስቶሬጅ» ወደ ድራይቩ 15% ከፍ ተደረገ። የዲ ሳምንታዊ ዲፍራግም (የተበታተኑ ፋይሎችን አዛውሮ የሚሰበስበው ሥራ) ቆመ፤ ክላስተሩ፣ ማለትም ድራይቩ ቦታ የሚያከፋፍልበት ትንሹ መጠን፣ ከ16 ኪሎባይት በታች ሲሆን (በዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስ የተለመደው 4 ነው) ዲፍራግ ያዛወረው ብሎክ ሁሉ እንደ አዲስ ለውጥ ተቆጥሮ ቦታውን ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ሌሊት ሙሉ ባክአፕ ስለሆነ ይረዝማል፣ አትደንግጡ። ከሁለተኛው ጀምሮ 40 ደቂቃ ገደማ ሆኗል። ዳታቤዝ ያለበትን ድራይቭ ግን «ፋስተር» መጻፍ ላይ ያዘገየዋል፤ «ከስተም» መርጦ ለእሱ ብቻ «ፉል ባክአፕ» (ሙሉ ባክአፕ) መምረጥ ይሻላል።