በፋየርሬድ ጉዞ ያገለገሉ ፖኬሞኖችን እንዴት በነጥብ እንመዝን?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉ የጎጃም ከተሞች ፖኬሞንን፣ ማለትም በዚሁ ስም የሚጠሩ ፍጡራንን ይዞና አሠልጥኖ የማጋጠም ጨዋታን፣ በስልካቸው የሚጫወቱ ወጣቶች ሲገናኙ ቶሎ የሚነሣው ክርክር «ከቡድንህ የትኛው ይበልጣል?» የሚል ነው። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ተከራካሪ ፖኬሞኑ በሠንጠረዥ ላይ የተጻፈለትን ኃይል፣ ሌላኛው ደግሞ በጉዞው የሠራውን ሥራ እየመዘነ ስለሚናገር ነው። እኔ የምከተለው ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ገበሬ በሬ ሲገዛ ሻኛውንና ቀንዱን ቢያይም፣ የሚያመሰግነውም ሆነ የሚወቅሰው ቀንበር ከጫነበት በኋላ ነውና። ለማሳያ የወሰድሁት የ1996ቱ ጨዋታ ታድሶ በ2004 እ.ኤ.አ. ጌም ቦይ አድቫንስ ለተባለው የእጅ መጫወቻ መሣሪያ የወጣውን ፋየርሬድን ነው፤ በመጠኑ ትንሽ በመሆኑ በዝቅተኛ ስልክም ያለ ችግር ይሠራል።

የምዘናው ሥራ የሚጀምረው ከጨዋታው ጋር አብሮ ነው። የመጨረሻው ተጋጣሚ፣ ሻምፒዮኑ፣ ከተሸነፈ በኋላ በትዝታ የሚሰጥ ነጥብ የመጨረሻዎቹን ግጥሚያዎች ብቻ ስለሚያስታውስ፣ በቪሪዲያን ጫካና በሙን ተራራ ቡድኑን ተሸክሞ ያለፈው ፖኬሞን ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ደብተር አዘጋጅቶ ከእያንዳንዱ ባጅ (ጂም መሪ የሚባለውን ጠንካራ አሠልጣኝ ያሸነፈ ከሚያገኘው ምልክት) በኋላ ማን ማንን እንደ ጣለ፣ ማን እንደ ወደቀ፣ በስንት ሌቭል (የብርታት ደረጃ) እንደ ነበረና ምን ያህል መድኃኒት እንደ ፈጀ መጻፍ ያስፈልጋል። በቨርሚልየን ከተማ ከጂም መሪው ከሌተና ሰርጅ ጋር ከተደረገ ግጥሚያ በኋላ የሚከተለውን የመሰለ መስመር ይበቃል፦ «ሦስተኛ ባጅ፤ ዲግሌት፣ ሌቭል 23፤ ፒካቹንና ራይቹን ጣለ፤ በቮልቶርብ የሶኒክቡም ጥቃት ተጎዳ፤ መድኃኒት፣ አንድ ሱፐር ፖሽን።» ዲግሌት የመሬት ዓይነት በመሆኑ የኤሌክትሪክ ጥቃት ፈጽሞ አይነካውም፤ የሚያዝበት ዋሻም ከከተማዋ አጠገብ ስለሆነ ብዙ አያደክምም። ይሁን እንጂ ወደ ዱግትሪዮ ከተለወጠ በኋላም መነሻ የሕይወት መጠኑ 35፣ መከላከያው 50 ብቻ በመሆኑ፣ በኋለኞቹ ባጆች ገጽ ላይ «ወደቀ» የሚለው ቃል ከስሙ ጎን እየተደጋገመ ይመጣል። ደብተሩ ከሌለ ግን ተጫዋቹ የሰርጅን ግጥሚያ ብቻ አስታውሶ ዘጠኝ ይሰጠዋል።

ነጥቡን ከአሥር መስጠት ለሁሉም ግልጽ ነው። ከአሥሩ አምስቱን ለታላላቆቹ ግጥሚያዎች፣ ማለትም ለስምንቱ የጂም መሪዎች፣ በጉዞው መጨረሻ በሊጉ ለሚጠብቁት ለአራቱ ኤሊቶችና ለሻምፒዮኑ እመድባለሁ። ሦስቱን ለወጪ እይዛለሁ፤ ለማሠልጠን ጥቂት ጊዜና መድኃኒት የፈለገ ፖኬሞን ሦስቱንም ያገኛል፣ ብዙ ያስለፋ ያጣቸዋል። ቀሪዎቹ ሁለቱ ለመንገድ ናቸው። የመንገድ ሥራ ሲባል በዋሻና በሣር ውስጥ የሚያጋጥሙትን የዱር ፖኬሞኖችና ተራ አሠልጣኞች መመለስ ብቻ አይደለም። ፍላይን (መብረሪያውን)፣ ሰርፍን (ውኃ መሻገሪያውን) እና ስትሬንግዝን (ድንጋይ መግፊያውን) የመሳሰሉ፣ በጉዞም የሚያገለግሉ የኤች ኤም ጥቃቶችን የተሸከመ ፖኬሞን ካሉት አራት የጥቃት ቦታዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ለቡድኑ መጓጓዣ ሰጥቷል ማለት ነው፤ እነዚህን ጥቃቶች ደግሞ በፉክሲያ ከተማ ያለው አስረሺ ሰውዬ ካልሆነ በቀር ማንም አያነሣቸውም። ፒጂዮትን «ደካማ ነው» እያሉ የሚያጣጥሉ ብዙዎች ከከተማ ከተማ ያበረራቸው እሱ መሆኑን ሲዘነጉ ይታያል።

ወጪን መመዘን ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ሁለት ተቃራኒ ፖኬሞኖችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ካተርፒ በመጀመሪያው ጫካ ተይዞ በሌቭል 7 ሜታፖድ፣ በሌቭል 10 ባተርፍሪ ይሆናል፤ ወዲያውም ኮንፊውዥን የተባለውን ስፔሻል (በአካል ምት ሳይሆን በልዩ ኃይል የሚጎዳ) ጥቃት ይማራል፣ በሌቭል 15 ደግሞ ባላጋራን የሚያስተኛ ዱቄት ያገኛል። የመጀመሪያው ጂም መሪ ብሮክ በሌቭል 12 ጂዮዱድና በሌቭል 14 ኦኒክስ ሲመጣ፣ ሁለቱም ከሥጋዊ ጥቃት እንጂ ከስፔሻል ጥቃት እምብዛም ስለማይከላከሉ ባተርፍሪ በአግባቡ ይጎዳቸዋል፤ ነገር ግን ድንጋይ በእሱ ላይ አራት እጥፍ ስለሚበረታ ሮክ ቱም የተባለው የኦኒክስ የድንጋይ ጥቃት ካገኘው አይቆምም። ከጥቂት ባጆች በኋላ ቦክስ (ከቡድኑ የወጡ ፖኬሞኖች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ ቢገባም የበላው ጊዜ ኢምንት ነው። ላፕራስ በአንጻሩ በሲልፍ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ በስጦታ የሚገኘው በሌቭል 25 ሲሆን፣ በዚያው ከተማ የምትጠብቀው የጂም መሪዋ የሳብሪና አላካዛም ሌቭል 43 ነው። ይህን ልዩነት ለመሙላት የሚጠፋው ሰዓት በወጪ ዓምድ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ላፕራስ ግን ያን ዋጋ በሊጉ መጨረሻ ይከፍላል፤ ከመጨረሻው ኤሊት ከላንስ አምስት ፖኬሞኖች አራቱ፣ ሁለቱ ድራጎኔር፣ ኤሮዳክቲልና ሌቭል 60 የደረሰው ድራጎናይት፣ በበረዶ የሚጎዱ ናቸው፤ ድራጎናይትማ አራት እጥፍ ነው። በእኔ ሚዛን ላፕራስ ከታላላቅ ግጥሚያዎች አራት፣ ከወጪ አንድ፣ ሰርፍ ከተማረ ከመንገድ ሁለት አግኝቶ ሰባት ላይ ይቆማል። ባተርፍሪ አምስት ተኩል ቢያገኝ አልከራከርም። አራት የሚሰጠው ሰው ግን ብሮክን በምን እንዳለፈ ቢጠየቅ ደግ ነው።

ሠንጠረዥ የሚያሳስተውን ያህል ሌላ የሚያሳስት የለም፤ ለዚህም ጋያራዶስን የሚያህል ምስክር አይገኝም። ማጂካርፕን በሙን ተራራ መግቢያ በ500 የጨዋታው ገንዘብ የሚሸጥ ሰው አለ። ገዢው እስከ ሌቭል 20 ድረስ ፍሬ የሌለውን ዓሣ እየተሸከመ፣ በግጥሚያ መጀመሪያ እያወጣና መልሶ እያስገባ ልምድ ያካፍለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጋያራዶስ ድምር አቅሙ 540፣ የሥጋዊ ጥቃት መነሻው 125 ነው። ይህን አይቶ ወዲያው አሥር የሚሰጥ ተጫዋች አንድ ነገር ሳያስተውል ያልፋል። በዚህ ትውልድ ጨዋታዎች ጥቃት ሥጋዊ ወይም ስፔሻል የሚባለው በዓይነቱ ነው፤ ውኃ፣ እሳት፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክ፣ በረዶ፣ ሳይኪክ፣ ድራጎንና ጨለማ በሙሉ ስፔሻል ናቸው። የጋያራዶስ የስፔሻል ጥቃት መነሻ ደግሞ 60 ብቻ ስለሆነ፣ ሰርፍም ሆነ ባይት የሚመቱት በዚያ በደካማው ቁጥር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ዳይመንድና ፐርል ሲወጡ ክፍፍሉ በየጥቃቱ ስለ ሆነ፣ በኋለኛው ጨዋታ የተሰጠን ነጥብ ወደ ፋየርሬድ መገልበጥ ተገቢ አይደለም። ሌላው ቀርቶ ያው ፖኬሞን በአንድ ጉዞ ሥጋዊ ጥቃት የሆነውን ስትሬንግዝን ተምሮ፣ በሌላው ሳይማር ቢያልፍ ሁለቱ እኩል ነጥብ ሊያገኙ አይችሉም።

በስልክ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የካዳብራ ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። ካዳብራ አላካዛም የሚሆነው ከሌላ ተጫዋች ጋር ሲለዋወጡት ብቻ ነው፤ መለዋወጫ ገመድም ሆነ ሁለተኛ መሣሪያ የሌለው ተጫዋች እስከ መጨረሻው የሚጓዘው በካዳብራ ነው። ስለዚህ መመዘን ያለበት የስፔሻል ጥቃት መነሻው 120፣ ፍጥነቱ 105 የሆነው ካዳብራ እንጂ በሐሳብ ያለው አላካዛም አይደለም። እንዲያም ሆኖ በጂም መሪው በኮጋ መርዛማ ፖኬሞኖች ላይ ማንም አይስተካከለውም፤ ሥጋዊ ምት ሲያገኘው ግን እንደ ወረቀት ስለሆነ ከወጪ ነጥቡ ላይ ሪቫይቭ (የወደቀን የሚያነሣ መድኃኒት) የፈጀበትን መቀነስ ግድ ይላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና አድልዎ ነው። መጀመሪያ የተመረጠው ፖኬሞን ሁልጊዜ ከሌሎቹ በሌቭል ስለሚቀድም ብርታቱ የራሱ ይሁን የሌቭሉ መለየት ያስቸግራል። የመጨረሻው ጂም መሪ ጂዮቫኒ ከፍተኛውን ፖኬሞኑን በሌቭል 50 ሲያሰልፍ ቻሪዛርድ ሌቭል 60 ከነበረ፣ ድሉን በግማሽ ዋጋ መመዝገብ ፍትሐዊ ነው። ኋላ ቻሪዛርድ የሚሆነውን የቻርማንደርን መንገድ ከመነሻው ላየ ሰው ደግሞ ብሮክና ሁለተኛዋ ጂም መሪ ሚስቲ ሁለቱም በዓይነት የሚበልጡት መሆናቸው ግልጽ ነው፤ በሌቭል 13 የሚማረው ሜታል ክሎው በድንጋይ ላይ ጥቂት ያግዘዋል እንጂ ችግሩን አይፈታም። ስምም አድልዎን ያመጣል። የጨዋታው የእንግሊዝኛ ቅጂ ለስም አሥር የላቲን ፊደል ብቻ ይፈቅዳል፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ጋያራዶሱን «ጣና»፣ ስኖርላክሱን «ጮቄ» ብሎ የሰየመ ልጅ ለእነሱ ዝቅተኛ ነጥብ ለመስጠት እጁ እሺ አይለውም። ነጥብ ሲሰጥ በደብተሩ ላይ የተፈጥሮ ስማቸውን መጻፍ ይህን ያቀለዋል።

በኢሙሌተር (የጌም ቦይን ጨዋታ በስልክ በሚያስኬድ ፕሮግራም) የሚጫወት ሰው ደግሞ በማንኛውም ቅጽበት ማስቀመጥና መመለስ ስለሚችል፣ ያልቀናውን ግጥሚያ እስኪቀናው ድረስ ሊደጋግመው ይችላል። መብራት ጠፍቶ ባትሪ ሲያልቅ የተጀመረ ግጥሚያ እንደገና መጀመሩ አይቀርም፤ ያ ነውር የለበትም። ተሸንፎ መመለስ ግን በደብተሩ መታየት አለበት፤ ለነጥብ የሚያዘው የመጀመሪያው ሙከራ ነው፣ የተደጋገመው ከጎኑ በምልክት ይቀመጣል። ጨዋታውን በእጥፍ ፍጥነት ማስኬድ በግጥሚያ ውጤት ላይ ለውጥ ባያመጣም የሥልጠናን ድካም ስለሚደብቅ፣ ወጪ በሰዓት ሳይሆን ፖኬሞኑ በተጨመረለት ሌቭል ቢቆጠር ይሻላል።

ነጥቦቹን ከጓደኛ ነጥብ ጋር ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መጀመሪያ የመረጠው ማንን ነው፣ ተለዋውጦ ያገኘው ፖኬሞን አለ ወይ፣ ሊጉን የገባውስ በስንት ሌቭል ነው? በልውውጥ የመጣ ፖኬሞን አንድ ተኩል እጥፍ ልምድ ስለሚያገኝ የወጪ ነጥቡ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፤ ለብቻው ይጻፍ። በመካከል ወደ ቦክስ የተመለሱት ደግሞ ከነባጃቸው ቁጥር በዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጡ፤ ሙሉውን ጉዞ ከተጓዙት ጋር በአንድ ተርታ አይሰለፉ።