የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ደራስያንን ልቦለዶች አንብቦ ለመመዘን የሚረዳ መመሪያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የጻፉ ሴት ደራስያን በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቁት በፍቅር ታሪኮቻቸው ነው። የኤልዛቤት ቤኔትንና የዳርሲን ወይም የጄን ኤየርንና የሮቸስተርን ታሪክ በፊልም ያየ ሰው መጽሐፉን ሲከፍት የሚጠብቀው ያንኑ ነው፤ ፍጻሜውን አስቀድሞ ስለሚያውቀውም ብዙ ሳይገፋ ይሰለቸዋል። የእነዚህ ልቦለዶች ኪናዊ ብቃት ግን ከታሪኩ ይልቅ በአተራረኩ ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ በየገጹ መጠየቅ የሚገባው ማን እንደሚናገር፣ ከየት ሆኖ እንደሚያይና ምን እንደሚደብቅ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሥራዎቹን በእንግሊዝኛ አንብቦ የራሱን ፍርድ መስጠት ለሚፈልግ ሰው ሲሆን፣ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ያላጠረ እትም ይምረጡ። ለቋንቋ ተማሪዎች ተብለው የሚታተሙት አጫጭር ቅጂዎች ታሪኩን አስቀርተው የተራኪውን ድምፅ ስለሚጥሉ ለዚህ ዓላማ አይሆኑም። ሙሉዎቹ ሥራዎች የቅጂ መብታቸው ዘመን ካለፈ ረጅም ጊዜ ስለሆነ በፕሮጀክት ጉተንበርግ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን በ1818 ስሟን ሳትገልጽ ካሳተመች በኋላ በ1831 አሻሽላ አውጥታዋለችና፣ የያዙት የትኛውን እንደሆነ ያረጋግጡ። በምሁራን የተጻፈ መግቢያ ያለው እትም ከገዙ ደግሞ መግቢያውን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ አብዛኛው መግቢያ ታሪኩን ከነፍጻሜው ይዘረግፈዋል። (እዚህም ቢሆን ጥቂት ምስጢር መውጣቱ አይቀርም።)

ንባቡን በጄን ኦስተን መጀመር ይሻላል፤ በተለይም በ1815 መጨረሻ በወጣው በ«ኤማ»። ኦስተን የገጸ ባሕርይዋን ሐሳብ ስትጽፍ ብዙ ጊዜ «ብላ አሰበች» የሚል ማሰሪያ አታስገባም። ዓረፍተ ነገሩ በሦስተኛ መደብ የተራኪው ንግግር መስሎ ይቀጥላል፤ በውስጡ ያለው ፍርድ ግን የገጸ ባሕርይዋ ነው። ስለዚህ አጠራጣሪ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥምዎ «ብላ አሰበች» የሚለውን በልብዎ ጨምረው ይመልከቱ። ሐረጉ ያለ ችግር ከገጠመ፣ ያነበቡት የኤማን እምነት እንጂ ተራኪው የመሰከረውን እውነት ላይሆን ይችላል። በዚህ ዓይን ሲታይ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ኤማ ቆንጆ፣ ብልህና ሀብታም መሆኗ ያለ ማመንታት ተነግሮ ሲያበቃ፣ ከሕይወት ምርጥ በረከቶች አንዳንዶቹን አጣምራ ስለ መያዟ ሲሆን ግን ያጣመረች «ትመስል» እንደ ነበር ብቻ ይነገረናል። የመጽሐፉ ምጸት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሚስተር ኤልተን ለኤማ አስቦ ያቀረበውን የእንቆቅልሽ ግጥም እሷ ለወዳጇ ለሃሪየት የተጻፈ አድርጋ ትፈታዋለች፤ አንባቢም የሚያየው በእሷ ዓይን ስለሆነ አብሯት ለመሳሳት ቅርብ ነው።

«ኤማ»ን አንድ ጊዜ ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን እንዳነበበ ይቆጠር። ፍራንክ ቸርችል ፀጉሩን ለመቆረጥ ብቻ ለንደን ድረስ ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ የወጣት ግብዝነት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ለጄን ፌርፋክስ ላኪው ያልታወቀ ፒያኖ ይደርሳታል። ሁለቱ በምስጢር መተጫጨታቸው የሚገለጸው ከብዙ ምዕራፎች በኋላ ሲሆን፣ ፍንጮቹ ግን ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ንባብ እነዚህን ፍንጮች በእርሳስ እያሰመሩ ይሂዱ፤ ለቀልድ የገባ ወሬ የሚመስለው ሁሉ የሴራው ክር ሆኖ ይገኛል። በእኔ ግምት ኦስተንን ከዘመኗ ደራስያን ሁሉ የሚያስበልጣት ይህ የአሠራር ጥንቃቄ ነው።

ቀጥለው «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ያንሡ። ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም ያሳተመችው ይህ ልቦለድ፣ ታሪኩን ሎክዉድ ለተባለ እንግዳ፣ በእሱም በኩል ለእኛ የምታወርሰው ኔሊ ዲን የተባለች የቤት ሠራተኛ ናት። ኔሊ እንደ ገለልተኛ ምስክር ብትናገርም ከነገሩ ውጭ አይደለችም። በዘጠነኛው ምዕራፍ ካትሪን አብሮ አደጓን ሂትክሊፍን ማግባት እንደሚያዋርዳት ስትናገር፣ ተደብቆ የሚሰማት ሂትክሊፍ ተነሥቶ ሲወጣ ኔሊ አይታዋለች፤ ነገር ግን ለካትሪን በጊዜው አልነገረቻትም። ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ጥፋት ምን ያህል ድርሻ እንዳላት ኔሊ ራሷ አትነግረንም። ስለዚህ ኔሊ በፈረደች ቁጥር ፍርዱ ለእሷ ምን እንደሚጠቅማት ይጠይቁ። በ«ፍራንከንስታይን»ም ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ የፍጡሩን ቃል የምንሰማው በፈጣሪው በቪክቶር፣ የቪክቶርን ደግሞ በመርከበኛው ዋልተን ደብዳቤዎች በኩል ነው።

የገንዘብና የሕግ ጉዳይን አቅልለው አይለፉ፤ የዘመኑ አንባቢ በአንድ ቁጥር የሚረዳውን ዛሬ ካልተፈታ ማየት አይቻልም። በ1813 በወጣው የኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የኤልዛቤት አባት የሚስተር ቤኔት ዓመታዊ ገቢ 2,000 ፓውንድ፣ የዳርሲ ደግሞ 10,000 ፓውንድ ነው። የቤኔት ርስት በወንድ ወራሽ ብቻ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ አባትየው ሲሞት አምስቱ ሴቶች ልጆች ከቤታቸው ሊወጡ ይችላሉ። የእናትየው ጩኸት አስቂኝ ሆኖ ቢቀርብም ፍርሃቷ መሠረት አለው፤ የ27 ዓመቷ የኤልዛቤት ጓደኛ ሻርሎት ሉካስ ሞኙን ኮሊንስን ማግባቷም ከዚሁ የመጣ ስሌት ነው። በእንግሊዝ ያገቡ ሴቶች በገዛ ንብረታቸው ላይ መብት ያገኙት በ1870 እና በ1882 በወጡት ሕጎች መሆኑን ልብ ይበሉ። በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤየር» ውስጥ ጄን የወረሰችውን 20,000 ፓውንድ ከሦስቱ የአክስቷ ልጆች ጋር እኩል ተካፍላ፣ የራሷ መተዳደሪያ ያላት ሴት ሆና ወደ ሮቸስተር የምትመለሰውም በዚህ ምክንያት ትርጉም ይኖረዋል።

ሲመዝኑ አያዳሉ። ሻርሎት ብሮንቴ በ1836 መጨረሻ ግጥሞቿን ለባለቅኔው ለሮበርት ሳውዚ ልካ፣ ሥነ ጽሑፍ የሴት የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደማይገባ የሚገልጽ መልስ በ1837 እንደ ደረሳት ይታወቃል። ይህን በደል ማወቅ ተገቢ ነው፤ መጽሐፉ ግን ደራሲዋ ስለ ተበደለች ብቻ ጥሩ አይሆንም። ጆርጅ ኤልየት በሚል የብዕር ስም የጻፈችው ሜሪ አን ኢቫንስ ራሷ በ1856 ባወጣችው መጣጥፍ፣ ሴቶች የሚጽፏቸውን የማይረቡ ልቦለዶች ያለ ርኅራኄ ነቅፋለች። ስለዚህ ጄን ኤየር ሜዳ ላይ ስትንከራተት የወደቀችበት በር የማታውቃቸው ዘመዶቿ በር ሆኖ መገኘቱ አሳማኝ ካልሆነልዎ፣ አሳማኝ አይደለም ብለው ይጻፉ። ከጣሪያ ሥር የተቆለፈችው የሮቸስተር ሚስት በርታ አንድም ቀን የራሷን ታሪክ እንድትናገር አለመደረጉም የመጽሐፉ ጉድለት ነው፤ ጂን ሪስ ይህን ክፍተት በ1966 ባሳተመችው ልቦለድ ሞልታዋለች። ሻርሎት ብሮንቴም በበኩሏ በ1848 ለአንድ ሐያሲ በጻፈችው ደብዳቤ የኦስተንን ዓለም በጥንቃቄ ከታጠረ የአትክልት ቦታ ጋር አመሳስላ፣ ንጹሕ አየር እንዳጣችበት ገልጻለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሆኖም ኦስተን የማትጥመው አንባቢ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

የጆርጅ ኤልየትን «ሚድልማርች» ለኋላ ያቆዩት። ከ1871 እስከ 1872 በስምንት ክፍሎች የወጣ መጽሐፍ ስለሆነ አንዱን ክፍል በአንድ ወር ማንበብ አያሳፍርም። 29ኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ፤ ተራኪው ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስለ ዶሮቲያ መናገር ይጀምርና ዓረፍተ ነገሩን አቋርጦ፣ ለምን ሁልጊዜ ዶሮቲያ ብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም እስከዚያ ድረስ ወደ ጠላነው ሽማግሌ ባሏ ልብ ይዞን ይገባል። የልቦለዱ ታላቅነት በዚህ አንድ ገጽ ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ሐተታ ለመጻፍ ያሰበ ሰው መጽሐፉን በጅምላ ከሚያወድስ ይልቅ ይህን ገጽ ቢተነትን ይመረጣል።

የተማሩትን ለመፈተን የ1853ቱን የሻርሎት ብሮንቴን «ቪሌት» ይውሰዱ። ተራኪዋ ሉሲ ስኖው ዶክተር ጆን በልጅነት የምታውቀው ሰው መሆኑን ለይታ ሳለ፣ ለአንባቢ ሳትነግር ብዙ ምዕራፎችን ታልፋለች። የመጨረሻው ገጽ ላይም ማዕበሉን ከገለጸች በኋላ የምትወደው ሰው ይዳን ይሙት በግልጽ አትናገርም። ኤልዛቤት ጋስኬል በ1857 ባሳተመችው የሻርሎት የሕይወት ታሪክ እንደምትነግረን፣ የሻርሎት አባት አሳዛኝ ፍጻሜ ስለማይወዱ ሁለቱ ተጋብተው በደስታ እንዲኖሩ ልጃቸውን ጠይቀዋት ነበር። መግቢያውንም ሆነ የሐያስያንን አስተያየት ሳያዩ፣ በእርስዎ ንባብ ምን እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ እያንዳንዱን አባባልም ከመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች በተወሰደ ዓረፍተ ነገር ይደግፉት።