ኤምቢኤ ልትማሩ ካሰባችሁ ከቲሲሱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ምረጡ

ነሐሴ ላይ ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ በእግር ስትሄዱ የስልክ እንጨቱም አጥሩም የታክሲ መጠበቂያውም "የማስተርስ ምዝገባ ጀምረናል" ይላል። ቢሮ ስትገቡ ደግሞ አንዱ ባልደረባ "አንተስ መቼ ነው የምትጀምረው?" ይላል፣ ሌላዋ መታወቂያዋን ካንገቷ ላይ ሳታወርድ ቅዳሜ ክላስ እንዳላት ትነግራችኋለች፣ እንደዛ እንደዛ እያለ ሰውየው ሳያስበው ይመዘገባል። እኔም ኤምቢኤ፣ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ እንደዛ ነው የተመዘገብኩት። የምሰራው ባንክ ውስጥ ነው፣ ማታ ማታ ተምሬ በ2 ዓመት ያልቃል የተባለውን በ4 ዓመት ጨረስኩ። ያቆየኝ ኮርሱ አይደለም፣ ቲሲሱ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። አብረውኝ ከገቡት ውስጥ "ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ቲሲስ ብቻ ነው የቀረኝ" እያሉ እስከዛሬ ያሉ አሉ። ስለዚህ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ከመጨረሻው ጀምረህ ምረጥ ነው የምለው፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደምትማሩ

ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ ብራችሁን አታውጡ። "ለእድገት" ካላችሁ የመስሪያ ቤታችሁን ሰው ሃብት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ለምትፈልጉት መደብ ማስተርስ ይያዛል ወይ፣ ስንት ዓመት የስራ ልምድ ይተካል፣ የቱ የትምህርት አይነት ነው አግባብነት አለው የሚባለው? የውስጥ ማስታወቂያ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ማየት ብቻውን ብዙ ነገር ይገልጣል። አካውንታንት ሆናችሁ ሙያችሁ ውስጥ መጠንከር ነው የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ ኤምቢኤ ላይሆን ይችላል መልሱ፣ ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካውንታንት ሙያ ማረጋገጫ ይሻላችኋል ምናልባት፤ 13 ፈተና ነው፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መፈተን ይቻላል።

እኛ ሀገር ሁሉንም "ኤምቢኤ" እንላለን እንጂ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይለያያል። ፕሮጀክት ማኔጅመንት አለ፣ ማርኬቲንግ ማኔጅመንት አለ፣ አካውንቲንግና ፋይናንስ አለ፣ ጠቅላላው ኤምቢኤም አለ። ብሮሸሩ ላይ ያለውን ስም ትታችሁ ዲግሪው ላይ በትክክል ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠይቁ።

እውቅናውን ራሳችሁ አጣሩ

ይሄ አጭር ነው ግን ዝለሉት አልልም። የግል ተቋም እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው፣ ድሮ ሄርቃ የምንለው። እውቅናው ለተቋሙ ስም በጅምላ አይደለም የሚሰጠው፣ በካምፓስ፣ በፕሮግራምና በአሰጣጥ ነው፤ ማለትም አንዱ ካምፓስ ኤምቢኤ በመደበኛ ተፈቅዶለት ሌላኛው ካምፓስ ወይም ርቀት ትምህርቱ ያልተፈቀደ ሊሆን ይችላል። "ዩኒቨርሲቲው እኮ የታወቀ ነው" የሚል መልስ አይበቃም፣ እናንተ የምትቀመጡበት ካምፓስ የምትማሩት ፕሮግራም እውቅና አለው ወይ ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ ቲሲሱ

መሀል ከተማ አማራጩ ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ አለ፣ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተ አንጋፋ ቤት ነው፤ ስድስት ኪሎ ኤፍቢኢ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ክፍል አለ፤ ቅድስት ማርያም ዋቢ ሸበሌ ሆቴል አካባቢ፤ ሌሎችም የግል ኮሌጆች በየሰፈሩ። ሰው የሚመርጠው በስም፣ በክፍያና በህንጻው ነው። እኔ የምላችሁ ምዝገባ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሂዱ፣ ጸሐፊዋን ሰላም ብላችሁ ቁጭ በሉና እነዚህን ጠይቁ፦ አምና ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ዲፌንድ አደረገ፣ ማለትም ቲሲሱን ፈታኞች ፊት አቀረበ? አንድ አድቫይዘር (የቲሲስ አማካሪ) ስንት ተማሪ ይይዛል? አድቫይዘር የሚመደበው መቼ ነው፣ እኛ እንመርጣለን ወይስ ዕጣ ነው? አድቫይዘሩ ቋሚ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ እየመጣ የሚያስተምር?

እኔ ዘግይቼ፣ ኮርስ ከጨረስኩ በኋላ ነው የጠየቅኩት። አድቫይዘሬ ስልክ ማንሳት አቁሟል፣ ፕሮፖዛሌን ከላክሁለት 2 ወር ሆኖታል፣ ቢሮው ሶስተኛ ፎቅ ነው ግን በሩ ሁሌ ዝግ ነው። ጸሐፊዋን "እትዬ፣ ዶክተር መቼ ነው የሚገባው?" ስላት ከስክሪኗ ቀና አለችና "የኔ ወንድም፣ ካገኘኸው ለኛም ንገረን፣ እኛም የሚፈረም ወረቀት አለን" አለችኝ። ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ይቺን ሴት ከመመዝገቤ በፊት ባገኛት ኖሮ 1 ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

ሌላው ጥሩ ምንጭ ተማሪዎቹ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በእረፍት ሰዓት ካፌው ውስጥ ሂዱ፣ ሁለተኛ ዓመቶቹ ወዲያው ይለያሉ፣ ላፕቶፕ ከፍተው የሚያኮርፉት እነሱ ናቸው። ቡና ጋብዟቸውና አስወሯቸው፣ የማያወሩት ነገር የለም።

በነገራችን ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በር ላይ "ሪሰርች እናማክራለን" የሚሉ ወረቀቶች የተለጠፉት ከዚሁ ችግር የተነሳ ነው። የሚያማክሩት ግን የት ድረስ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዲፌንስ ላይ ዳታህን ከየት አመጣኸው ሲባል መልሱን ፎቶ ኮፒ ቤቱ አይመልስላችሁም።

ሰዓትና መንገድ

ኤክስቴንሽን ማለት ብዙ ጊዜ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይ ቅዳሜና እሁድ ነው። ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል የምትወጡ ከሆነ ት/ቤቱ በእግር የምትደርሱበት መሆን አለበት፣ ቀልዴን አይደለም፣ በዛ ሰዓት ታክሲ ላይ የተማመነ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሁሌ ያጣል። ሲወጡም እንደዛው ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሜክሲኮ የጀሞን ሰልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ለ2 ዓመት አስቡት። ልጅ ያላችሁ ሰዎች ቅዳሜና እሁዱን ምረጡ ይባላል፣ እኔ ግን እሁድ የሌለው ሳምንት ከማታው ይልቅ ሰውን ቶሎ ሲያደክም ነው ያየሁት።

ብሩ

ክፍያውን በክሬዲት ሃወር ነው የሚነግሯችሁ፣ እናንተ ግን ጠቅላላውን አስልታችሁ ያዙ፦ የክሬዲቱ ድምር፣ በየሴሚስተሩ ምዝገባ፣ የቲሲስ ክፍያ፣ ህትመት፣ ትራንስፖርት። ቲሲስ ሲራዘም ብዙ ቦታ እንደገና ተመዝግባችሁ ትከፍላላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ርካሹ ት/ቤት ውድ የሚሆነው። መስሪያ ቤታችሁ የሚከፍል ከሆነ ደስ ይላል፣ ግን ከተማራችሁ በኋላ ስንት ዓመት ለማገልገል እንደምትፈርሙና ቀድማችሁ ብትለቁ ምን ያህል እንደምትመልሱ ውሉን አንብቡ። ሳያነብ የሚፈርም ሰው ብዛቱ ይገርመኛል፣ ያውም ብድር የሚሰጥ ባንክ ውስጥ።

ፈተናው

ከ2016 ወዲህ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ በተለምዶ ጋት የምንለው፣ ትምህርት ሚኒስቴር ነው የሚያወጣው። የግል ቦታ የምትገቡ ከሆነም ይጠየቃል ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የቃላትና የንባብ ክፍል አለ፣ ሂሳብ አለ፣ የማመዛዘን ጥያቄ አለ። ሂሳቡ የዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አይደለም፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ሰንጠረዥ ማንበብ፣ የሃይስኩል ነገር ነው፣ ግን ካልኩሌተር የለመደ እጅ ይጨንቀዋል። ለ3 ሳምንት ማታ ማታ ሰዓት ይዛችሁ ጥያቄ ስሩ፣ ሰዓት ሳትይዙ መስራት ዋጋ የለውም። ከዛ በኋላ ዲፓርትመንቱ የራሱን ፈተና ወይ ኢንተርቪው ሊጨምር ይችላል። በቅርብ የተመረቃችሁ ደግሞ በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና 50 አምጥታችሁ ያለፋችሁበት ማስረጃ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ዶክመንት፣ ሰው የሚቃጠልበት ቦታ

ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የስራ ልምድ ደብዳቤ፣ ሁለት ሪኮመንዴሽን፣ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ እነዚህ ቀላል ናቸው። ከባዱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ የሚልከው የውጤት ማስረጃ ነው። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ የወጪ መጋራት ጣጣ ካለባችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፣ ያለዛ ሬጅስትራሩ ንክች አያደርጋትም። ይሄን በምዝገባው ሳምንት ሳይሆን ቢያንስ 2 ወር ቀድማችሁ ጀምሩት።

ኦፊሻሉ በደንቡ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚላከው። በእጅ ከሰጧችሁም ፖስታው ታሽጎ፣ መዝጊያው ላይ ማህተም ተመትቶበት ነው። የኔን ከክፍለ ሀገር ድረስ ሄጄ አምጥቼ ኮመዲኖ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ከስራ ስመጣ እናቴ ከፍታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ውጤቴን ከላይ እስከ ታች እያነበበች ነው፣ ማህተሙ ለሁለት ተቀዷል። "እማዬ ምነው!" ስላት "የልጄ ስም ያለበት ፖስታ ምን ሚስጥር አለው? ይልቅ ይቺን ሲ ምን ሆነህ ነው ያመጣኸው?" አለችኝ። የተከፈተ አንቀበልም ተባልኩ፣ እንደገና ሄጄ ሌላ አወጣሁ። ስለዚህ ፖስታው ቤት አይደር፣ ከአውቶብስ ወርዳችሁ በቀጥታ አስገቡት፣ ያስገባችሁበትንም ቀን ተፈርሞ ተቀበሉ።

ውጪ ለምታስቡ

ውጪውን ባጭሩ ልበለው። ብዙ ት/ቤቶች ጂማት ወይ ጂአርኢ የሚባሉትን ዓለም አቀፍ የማስተርስ መግቢያ ፈተናዎች ይጠይቃሉ። የአሁኑ ጂማት ሶስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ውጤቱ ከ205 እስከ 805፣ ለ5 ዓመት ያገለግላል። እንግሊዝ ኤምቢኤ ባብዛኛው 1 ዓመት ነው፣ አሜሪካ 2። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግስት ስኮላርሺፕ የ2 ዓመት የስራ ልምድ፣ በሰዓት ሲቆጠር 2,800 ሰዓት፣ ይፈልጋል፣ ስትጨርሱም ተመልሳችሁ ቢያንስ 2 ዓመት ሀገራችሁ መቆየት አለባችሁ። ውጪ የተማራችሁትን ይዛችሁ ስትመጡ አቻ ግምት የሚሰጠውም ያው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው።

ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ርዕስ ያዙ። ከምትሰሩበት ቤት የሚወጣ ርዕስ፣ ዳታው እጃችሁ ላይ ያለ። ሁሉም ኮርስ ላይ ተርም ፔፐር ይታዘዛል፣ ሁሉንም እዛው ርዕስ ዙሪያ ጻፉት፣ ስትጨርሱ ግማሹ ቲሲስ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የዳታ ፈቃድ ደብዳቤውንም ያኔውኑ አስገቡ። እኔ የራሴ መስሪያ ቤት፣ የራሴ ፎቅ ላይ፣ ከጠረጴዛዬ ሶስት በር አልፎ ላለ ክፍል የጻፍኩት ደብዳቤ ተመርቶ እስኪመለስ 3 ወር ፈጅቷል። አለቃየውን በየቀኑ ምሳ ላይ አገኘው ነበር፣ "አልደረሰኝም" ነበር የሚለኝ።